ግራ እጄ እንቅልፍ የነሳኝ ዘመን

እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ይህን ያንብብ፤ ማንበብ የማይችልም የሚችል ፈልጎ ያስነብብ። እኔ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሜ ደምሴ ነው፤ ቤቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ከገብሱ ይልቅ ብርዱ የሚበረታበት ሜዳ ላይ ነው። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜያለሁ። አባቴ ድቁና እንድቀበል ይመኝ ነበር፤ እኔ ግን ጠመንጃ ይዤ ከአገሩ ገዢ ኋላ መሰለፍን መረጥኩ። ይህን የምጽፈው አስተማሪ ስለሆንኩ አይደለም። ለበሽታዬ ስድስት ሰው ስድስት ስም ሲያወጣለት አይቻለሁ፤ ሰባተኛው ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ቶሎ እንዳታምኑት ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቆላ ዘመቻ ስንመለስ ነው። ከምርኮኞቹ አንዱን እንድጠብቅ ተሰጠኝ። በአገራችን እስረኛ መጠበቅ ማለት አብሮ መታሰር ነው። የእሱ ቀኝ እጅ ከጠባቂው ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል፤ ቀለበቱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይዘጋል እንጂ ቁልፍ የለውም። ሲቀመጥ ትቀመጣለህ፣ ሲነሳ ትነሳለህ፣ ጫካ ሲገባም አብረህ ገብተህ ፊትህን ታዞራለህ። ሰውዬው ከእኔ በዕድሜ ጥቂት ይበልጣል፤ ጎኑ ላይ የጦር ቁስል ነበረበት። ቋንቋውን አላውቅም፣ ቋንቋዬን አያውቅም። አስራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነን ተጓዝን፤ አልዩ አምባ ስር ባደርንበት ሌሊት ሞተ። እንዴት እንደሞተ ኋላ እናገራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅሁት እሱን ስለሆነ ዛሬም ብዕሬ እዚያ ላይ ይከብዳል።

ጠዋት ስነቃ እጁ በእጄ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። ቀለበቱን የሚፈታው ቀጥቃጭ ከፊተኛው ጦር ጋር ቀድሞ አንኮበር ወጥቷል። በድንጋይ ብንሞክር የተላጠው የእኔ ክንድ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ጎራዴውን አየ፣ ከዚያ የሰውዬውን አንጓ አየ።

"ሞቷል፤ አያመው። አንተ ትገላገላለህ" አለኝ።

እምቢ አልኩ። ስለዚህ ሬሳውን በበቅሎ ጫንነው፤ እኔም ግራ እጄን ሽቅብ ዘርግቼ ከበቅሎዋ ጎን ጎን ያንን ዳገት ወጣሁ። አቀበቱን የወጣ ያውቀዋል፤ ባዶ እጁን ለሚወጣ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። እጄ ሲዝል ዝቅ ላደርገው ስል ሰንሰለቱ ይጎትተኛል፤ የሞተው ሰው የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር። አንኮበር ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ቀጥቃጩ እራቱን በልቶ እስኪመጣ ከገበያው ዳር ቆመን ጠበቅን፤ የሚያልፈው ሁሉ ወደ እኔ እያየ ያማትባል። በመጨረሻ መጥቶ በሦስት ምት ፈታኝ። ሬሳውን ወዴት እንደወሰዱት አልጠየቅሁም። ውሃ ለምኜ ጠጣሁ፣ ሌሊቱን ተጉዤ ሜዳውን አቋርጬ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ብርቅነሽ ነበረች። ብርቅነሽ ሚስቴ ናት፤ አንኮበር ላይ የሚቀድሱት የመምሬ ክንፉ ልጅ፣ በሰማንያ ያገባኋት። ክንዴን አይታ በቅቤ አሸችልኝ፤ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ "ገመድ ነው" አልኳት። እሷም ገመድና ብረት የማትለይ ይመስል ማሸቷን ቀጠለች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ሁሉ የዘመቻ ድካም ነው ሲለኝ እኔም ነው ብዬ ተቀበልኩ። በኋላ ግን ነገሩ መልክ እያወጣ መጣ። ስተኛ ሰውነቴ ሁሉ ይዝላል፣ ዓይኔ ይከደናል፣ ግራ እጄ ብቻ አይተኛም። እሱ ሲነቃ እኔም እነቃለሁ። ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው መዳፌን ብርቅነሽ አፍንጫ ላይ ማድረግ ነው፤ ትንፋሿ ሲነካኝ እተኛለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እጠራጠራለሁ። እሷም በመጀመሪያው ወር ትስቅ ነበር፤ "ትንፋሼን ቆጥረው ሊያስረክቡ ነው እንዴ?" ትለኛለች። ሁለተኛው ወር ላይ ሳቋ ቀረ።

እንቅልፍ በሌሊት ሲከለከል በቀን ይሰርቃል። ሞፈር ጨብጬ ቆሜ አንቀላፋለሁ፤ በሬዎቹ ያለ እኔ ትልም ሲያበላሹ ጎረቤት ይጮህልኛል። ቁጣዬም በዛ። ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ እዘላለሁ፣ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ እጄ ወደ ጎራዴ ይሄዳል። ከሁሉ የባሰው የብረት ድምፅ ነው፤ የበቅሎ ልጓም ሲንቀጫቀጭ ላብ ያጠምቀኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጠመንጃ የያዘ ወንድ ልጓም ፈራ ቢባል ምን ይባላል?

ደብረ ብርሃን አንድ ወጌሻ ነበር፤ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው በሽተኛ ሞልቶ ከአጥሩ ስር ተራ ጠበቅሁ። አንዱ የበሰበሰ ጥርሱን ያሳያል፣ አንዱ ከበቅሎ ወድቆ የዞረ ትከሻውን፣ አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ። ሁሉም በሽታውን በጣቱ ይጠቁማል። እኔን "አንተስ ምንህን ነው?" ሲሉኝ የምጠቁመው አጣሁና "ራሴን" አልኩ። ወጌሻው ደምህ ወፍሯል አለኝ፤ ማጅራቴንና ጀርባዬን በጥቶ በቀንድ መጥጦ ዋግምት አገመኝ። ደም ስለፈሰሰኝ ሁለት ሌሊት ደክሜ ተኛሁ፤ ዳንኩ ብዬ በግ ነዳሁለት። ሦስተኛው ሌሊት እጄ እንደልማዱ ነቃ፤ በጉ ግን አልተመለሰም።

ሌላው ሆድህ ነው ብሎ ኮሶ አጠጣኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው እንቅልፍ እንደማያስፈልገው ያን ቀን አወቅሁ፤ የሚያስፈልገው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አንድ ደብተራ ደግሞ መጋኛ መትቶሃል ብሎ ክታብ ጽፎ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ጎረቤቶቼ ቡዳ ነው አሉ፤ አክስቴ ዛር ነው አለች። ማንም ሳያዝልኝ ራሴ ያዘዝኩት መድኃኒት ደግሞ አረቄ ነው፤ ስለ እሱ ላስጠንቅቃችሁ። አረቄ ያስተኛል፤ ውሸት አይደለም። ሲያስተኛ ግን በሩን ከውጭ ቆልፎ ነው፤ ሕልሙ ሲመጣ ነቅተህ የምታመልጥበት መንገድ የለም።

የብርቅነሽ አንጓ የተሰበረው በአረቄ ተኝቼ ሳለ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ስድስተኛ ወሯ ነበር። በሕልሜ ከበቅሎዋ ጎን እሄዳለሁ፤ ቀለበቱን ላወልቀው እጠመዝዘዋለሁ፣ እምቢ ይለኛል፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። ያነቃኝ አጥንት ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ነው። እሷ አልጮኸችም። "ይልቀቁኝ፣ እኔ ነኝ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ የደነገጠ ውሻ እንደምታባብል። የያዝኩት እጇን ነበር። በቀርከሃ አሰሩላት፤ አጥንቱ ግን ጠምሞ ነው የገጠመው። ዛሬም ውሃ ስትቀዳ ያንን እጇን ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

ወሬው አንኮበር ደረሰ፤ መምሬ ክንፉ በበቅሏቸው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ተቆጥተው ቢመጡም አልሰደቡኝም፤ አጠገቤ ተቀምጠው እንጀራ ቆርሰው በሉ። እሑድ አብረን ቅዳሴ ገባን። እሳቸው እንግዳ ካህን ስለሆኑ እንዲያጥኑ ተጋበዙ። የሚያጥኑበት ጽና ደግሞ ሰንሰለት አለው፤ ሲወዛወዝ ትንንሾቹ ቃጭሎች፣ ሻኩራዎቹ፣ ሽል ሽል ይላሉ። ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ ግራ እጄ ሽቅብ ተነሳ፤ አጠገቤ ደርሰው ሊያጥኑኝ ሲሉ ሰው ገፍትሬ ወጥቼ ሮጥኩ። የቆምኩት ወንዙ ዳር ነው።

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ክንፉ ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ።

"ደምሴ፣ ሁሉም ተሳስቷል" አሉኝ። "ደምም ሆድም አይደለም። ከዕጣን የሚሸሽ ማን እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን።"

ምን ልበል? ዕጣን የሚሸሸው ጋኔን መሆኑን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስማር ነው ያደግሁት። እውነቱን ብናገር ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱን ብናገር ሰውዬውን፣ ሰውዬውን ብናገር አሟሟቱን መናገር ሊሆንብኝ ነው። ጋኔን አለብህ መባል ቀለለኝና አንገቴን ደፋሁ።

"የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናቷ ቤት ነውና ብርቅነሽን ይዣት እሄዳለሁ" አሉ። "አንተ ጠበል ግባ። ድነህ ከመጣህ ሚስትህንና ልጅህን ትወስዳለህ። ካልዳንክ ልጁ ክርስትና በሚነሳበት ዕለት በሽማግሌ ፊት ሰማንያው ይፈርሳል። አንድ ልጄን በእጅህ ገድለህ ስታለቅስ ላይህ አልፈልግም።"

ብርቅነሽ በቅሎ ላይ ስትወጣ የታሰረውን እጇን በነጠላዋ ሸፍናው ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ብላ መሆኑ ገባኝ።

አሁን የምጽፈውን ብዙ ጊዜ ልተወው አስቤ ነበር። የሄደች ዕለት ማታ ባዶ ቤት ገብቼ ጋደም አልኩ፤ ስነቃ ፀሐይ በበሩ ገብታ እግሬ ላይ ደርሳለች። አልባነንኩም፣ አላለምኩም። ሁለት ዓመት ተኩል ያልቀመስኩትን እንቅልፍ ሚስቴ በሄደች ቀን ጠገብኩት። ተቀምጬ አለቀስኩ። በሽታው እሷ ናት ማለት ነው? ለጎረቤት ብናገር መድኃኒት አድርጋብህ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይህንንም ደበቅሁት።

ጠበሉ ከአንኮበር በታች ገደሉ ስር ነው። ጎህ ሳይቀድ ተራ ይያዛል፤ ራቁትህን ብርዱ ላይ ቆመህ ጥርስህ ከጎረቤትህ ጥርስ ጋር እየተንቀጫቀጨ ትጠብቃለህ። ዓይነ ስውሩ ለሽባው ቦታ ይይዛል፣ ሽባው ለዓይነ ስውሩ ተራው ሲደርስ ይነግረዋል። እንዲህ ያለ ደግነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ነገር ግን ጋኔን አለበት የተባለ ሰው እንዳይጠፋ ወይም ገደል እንዳይገባ ይታሰራል። እኔንም ከአንድ ጠንካራ አስታማሚ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት አሰሩኝ።

ያን ሌሊት የጮኽኩትን ጩኸት ገደሉ ሁለት ጊዜ ደገመው። ሰዉ ተነስቶ ከበበኝ፤ ደስ አላቸው። ጋኔኑ ሊለፈልፍ ነው ብለው መስቀል ደገኑብኝ።

"ማነህ? ከየት ያዝከው?" ይላሉ።

ደምሴ ነኝ ስላቸው ይበልጥ ያጠምቁኛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ብልሃቱ ገባኝ። "ወንዝ ዳር በቀትር ያዝኩት" አልኩ። "ትለቃለህ?" "እለቃለሁ።" እልል ተባለ። በማግስቱ ሌሊት ግን ሰንሰለቱ እዚያው፣ አስታማሚው እዚያው፣ ጩኸቴም እዚያው ነው። አስታማሚው ከባድ እንቅልፋም ነበር፤ ሲያንኮራፋ እፎይ እላለሁ፣ ማንኮራፋቱ ሲቋረጥ ነፍሴ ትወጣለች። ሳላውቀው ትንፋሹን እጠብቅ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሆኜ አጥንቴ ብቻ ቀረ።

ለበሽተኞች ቆሎ የሚያድሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ወሬ አይወዱም፤ ሰው ግን ያያሉ። አንድ ቀን በቀትር ግድግዳ ተደግፌ አንቀላፍቼ ስነቃ ፊቴ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

"ልጄ፣ ስታንቀላፋ ግራ እጅህ ወደ ላይ ይነሳል" አሉኝ። "ማንን ይዘህ ነው?"

ከዕጣን ይሸሻል መባሌን ሰምተው ኖሯል። ተነስተው ሄዱና በገል ላይ ፍም አድርገው ዕጣን ጨምረውበት መጡ፤ እግሬ ስር አስቀመጡት። ጭሱ ፊቴን ሸፈነኝ፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።  ከዚያ ከቀሚሳቸው እጥፋት አሮጌ የጽና ሰንሰለት አውጥተው ድንጋዩ ላይ ጣሉት፤ ድምፁን ስሰማ አስታማሚውን ጎትቼ ዘልዬ ተነሳሁ።

"ዕጣኑን መቼ ሸሸህ?" አሉ። "የምትሸሸው ብረቱን ነው።"

የዚያን ዕለት ከጠበሉ አለቃ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ከቀትር በኋላ ሰንሰለቱ ተፈታልኝ። እኔም ከዚያ በኋላ መደበቅ አቃተኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልንገር።

ሰውዬው እስላም ነበር። ሶላት በደረሰ ቁጥር ይሰግዳል፤ ሲሰግድ እጄን ይዞት ይወርዳል። መጀመሪያ እየጎተትኩ ከለከልኩት። ግን ሰው እንዲያ አብሮ ታስሮ ስንት ቀን ይጓተታል? አራተኛው ቀን ላይ አብሬው ጎንበስ ማለት ጀመርኩ፤ እሱ ሲደፋ እደፋለሁ፣ እሱ ሲነሳ እነሳለሁ። እሱም እኔ ሳማትብ እጁን ያላላልኝ ነበር። ጓደኞቼ አይተው መሳቂያ አደረጉኝ፤ "ደምሴ ሰለመ፣ የቄሱ አማች ሰለመ" ይሉኛል። ነገ አንኮበር ልንገባ ነው። ይህ ወሬ መምሬ ክንፉ ጆሮ ቢገባስ ብዬ አፈርኩ፣ ፈራሁ። ያን የመጨረሻ ሌሊት ሰንሰለቱን ጉልበቴ ላይ ጠመጠምኩና በላዩ ተኛሁበት፤ እንዳይነሳ። ሌሊት ጎተተ። ቁስሉ ትኩሳት አምጥቶበት ነበር፤ ውሃ ፈልጎ ይሁን መስገድ ፈልጎ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጎተተ፣ የሆነ ነገር ተናገረ። ነቅቼ ነበር። የተኛሁ መሰልኩ። በኋላ መጎተቱን ተወ፤ ተወኝ ብዬ ደስ አለኝና እውነተኛ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሞቶ ነበር።

እማሆይ አላጽናኑኝም። "በዚያ ቁስል ሌላም ሌሊት አያድርም ነበር ይሆናል፤ አናውቅም" አሉ። ቀጥለውም "ብቻህን ስትተኛ እንዴት ነህ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ሚስቴ በሄደች ሌሊት እንደተኛሁ ተናዘዝኩ።

"ሚስትህ በሽታህ አይደለችም። አንተ የምትፈራው አጠገብህ የተኛ ሰው እንዳይሞትብህ ነው። አጠገብህ ሰው ከሌለ የሚሞትብህ የለም። ይህን ለእኔ ነገርከኝ፤ ለእሷ ንገራት። እጇ የተሰበረው በዚህ ነውና ማወቅ ይገባታል።" ደግሞም እንዲህ አሉኝ፦ "ስትባንን ማንም እንዳይነካህ። ከሩቅ ቆመው በስምህ ይጥሩህ።" ጠበሉን ግን አልናቁም፤ ጠዋት ጠዋት መጠመቄን አልተውኩም።

ብርቅነሽ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አንኮበር ወጣሁ። ሕፃኗ ተጠምቃ ስሟ ወለተ ሚካኤል ተባለ። ከድግሱ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መደብ ላይ ተቀመጡ፤ መምሬ ክንፉ መሐላቸው ነበሩ፤ ብርቅነሽ ልጇን ታቅፋ ከምሰሶው ኋላ ቆማለች። ሕፃኗን የደገፈችው በጠመመው እጇ ነው።

"ድነሃል?" አሉኝ መምሬ ክንፉ።

"አልዳንኩም" አልኩ። "ግን በሽታዬን አውቄዋለሁ።" ከዚያ ልጃቸው በሄደች ሌሊት እንደተኛሁ ስናገር ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ሚስቴ ጤና ነሳችኝ ልትል ነው የመጣኸው ብለው ሊነሱ ቃጡ። እባካችሁ ጨርሱልኝ ብዬ እማሆይ ዘንድ የተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። መስገዱን፣ መሳቂያ መሆኔን፣ ሰንሰለቱ ላይ መተኛቴን፣ ነቅቼ የተኛሁ መምሰሌን፣ በቅሎዋን። አፈርኩ፤ ቢሆንም ጨረስኩት።

መምሬ ክንፉ መስቀላቸውን አገላበጡ።

"ሰገድክ?" አሉኝ።

"ጎንበስ አልኩ፣ አባቴ።"

"ሰባት ሱባዔ ትጾማለህ፤ በየቀኑ አርባ ስግደት ለእመቤታችን።"

"ለሰውዬውስ?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ዘመቻ ላይ ቆስሎ የሞተ ምርኮኛ ነው። ለእሱ ምን ቀኖና አለው?"

ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የፈራሁትን ያህል አልተቆጡኝም፤ ሦስት ዓመት የሸሸሁት ፍርድ ጾምና ስግደት ብቻ ሆነ። ቀሎኝ መደሰት ሲገባኝ አልተደሰትኩም። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ብርቅነሽ ዞሮ "አንቺስ ምን ትያለሽ? ትሄጃለሽ ወይስ ይፍረስ?" አላት።

እሷ ለሽማግሌው አልመለሰችም። ወደ እኔ ነበር የምታየው።

"ስሙ ማን ነበር?" አለችኝ።

ወደ ጠመመው እጇ አየሁ።

"የሰውዬው ስም።"

"አላውቀውም።"

"አስራ አንድ ቀን አብራችሁ ታስራችሁ?"

"አልጠየቅሁትም፣ ብርቅነሽ።"

ቋንቋውን አላውቅም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስም ለመጠየቅ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ጣትህን ደረትህ ላይ አድርገህ ስምህን ብትል እሱም የራሱን ይልሃል። እሷም ያንን እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አየሁ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲያ አዝና አላየኋትም፤ እጇ የተሰበረ ሌሊት እንኳ።

ከዚያ ለአባቷ መለሰች። "እሄዳለሁ። ግን እሳቸው በሩ አጠገብ ይተኛሉ፣ እኔና ልጄ ከጓዳ። ሲባንኑ ይጥሩኝ፣ ከሩቅ እመልሳለሁ። አረቄ ቤቴ ከገባ ግን ያኔ ራሴ እመጣለሁ።" መምሬ ክንፉ በማግስቱ የራሳቸውን በቅሎ ሰጡን፣ ልጓሙንም በጠፍር ገመድ ለውጠውት አገኘሁት።

ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ዳንኩ አልላችሁም፤ ከሳምንቱ አራት ወይ አምስት ሌሊት እተኛለሁ፤ ለእኔ ይህ ብዙ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ በተኛበት አትንኩት፣ ከኋላው አትምጡበት። ከምን እንደሚሸሽ ሳታዩ ጋኔን ነው አትበሉት። አንተ ታማሚውም ብትሆን የደበቅኸውን ለአንድ ሰው ንገር፤ ስትናገር ይቀልሃል ብዬ አልዋሽህም፤ ቢያንስ አብሮህ የሚኖረው ሰው ከምን ጋር እንደሚያድር ያውቃል።

ማታ ስባንን "ብርቅነሽ!" ብዬ እጣራለሁ። ከጓዳ "አለሁ" ትለኛለች፤ እሷ ደክሟት ካልሰማች አሁን አሁን ልጄ ወለተ ሚካኤል በተኮላተፈ አፏ "አለሁ" ትላለች። ያኔ ዓይኔን እከድናለሁ። አንዳንድ ሌሊት ግን ሁለቱም ከመለሱልኝ በኋላ ግራ እጄ ይነሳል። ያኔ የምጠራው ሌላ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ የምጠራበት ስም የለኝም።